አይፎኑ ይቅር፣ ደመወዙ ይምጣ!

ወላይታ ሶዶ ካፌ ቁጭ ያለ ወጣት ሁሉ «አዲሱን አይፎን ልግዛ ወይስ በያዝኩት ልቆይ?» ሲል ይሰማል። እኔ አትግዛ ባይ ነኝ።

ሒሳቡ ይኸው። አይፎን 16 በመስከረም 2017 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርብ አሜሪካ ውስጥ ከ799 ዶላር ይጀምር ነበር። ዶላር በ57 ብር ሒሳብ ቢሆን 45 ሺህ ተኩል ብር ገደማ ነው። ግን መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብርን ለገበያ ለቀቀው፤ ዶላር 100 ብርን ዘለለ። ያው ስልክ 80 ሺህ ብርን አለፈ ማለት ነው። ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነካም!

ለመሆኑ ማን ይግዛው? በዚያው በ2016 ዓ.ም. የወላይታ መምህራን «ደመወዛችን በወቅቱ አልተከፈለንም» ብለው ማስተማር አቁመው ነበር። ጠመኔ የያዘውን ሰው ደመወዝ አስቀርቶ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ብሎ መስበክ ምን የሚሉት ነው? ነዳጁ በቴሌብር ሆኗል ይሉን ይሆናል። ይሁና! ቴሌብር እኮ በ*127# በተራ ባለቁልፍ ስልክም ይሠራል።

ስልክህ ከተንቀረፈፈብህ፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባትሪውን አስቀይር። አፕል ራሱ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ሆን ብሎ እንደሚያዘገይ አምኗል። መምህሩም ባትሪ የሚያስቀይርበት ደመወዝ በወሩ ይድረሰው። ክቡራን ባለሥልጣናት፣ ከፈለጋችሁ በቴሌብር ላኩለት!