«ድሬ ላይ ባትሪ አይበረክትም» አትበሉኝ አቦ!

ድሬ ውስጥ ባትሪዬ ቶሎ ሞተ ብሎ ቅሬታ ላቀረበ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አቦ፣ ሙቀቱ ነዋ!» ሻጩ ይላል፣ ጠጋኙ ይላል፣ በርጫ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይላል። ክርክሩም እዚያው ያልቃል። ሙቀት ከላይ የመጣ ነው፣ ማን ይጠየቅበታል? እኔ ግን ይህ መልስ ሰልችቶኛል። ግማሹ እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ግንቦት ለእናቴ ስልክ (ያቺ ቁልፍ ያላት ትንሿ ስልክ) ትርፍ ባትሪ ልገዛ ታይዋን ወረድኩ። ታይዋን ስል አገሩን ሳይሆን የኛኑ ገበያ ነው፤ ድሬን ለማያውቅ አንባቢ ነው ይህን የምለው። የገባሁበትን ሱቅ አልጠራም። ባትሪዎቹ ከመስታወቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። አንዱን ሳነሳው አሁን ከምድጃ የወጣ ዳቦ የያዝኩ መሰለኝ። ላዩ ላይ በትልቁ «2800 ኤምኤኤች» ተጽፏል። ሻጩም እንደ ሐኪም ትእዛዝ ሰጠኝ፤ «መጀመሪያ 8 ሰዓት ሙሉ ቻርጅ አድርገው፣ ከዚያ ጨርሶ እስኪሞት ተጠቀምበት።» በሦስተኛው ወር ባትሪው አብጦ የስልኩን ክዳን ከፈተው። ልመልስ ስሄድ ምን እንደተባልኩ ገምቱ።

እሺ፣ ሙቀቱ ነው። ያ 2800 የሚለው ቁጥርስ ሙቀት ነው የጻፈው?

ይህ ባትሪ ቢኤል-5ሲ የሚባለው ነው፤ ኖኪያ ያስለመደን፣ ዛሬም ብዙ ትንንሽ ስልኮች የሚጠቀሙበት። ኖኪያ ራሱ በዚያችው ቆዳ ላይ 1020 ኤምኤኤች ነበር የሚጽፈው። መጠኑ ሳይጨምር፣ ክብደቱ ሳይጨምር፣ ከየት መጥቶ ነው 2800 የሆነው? የባትሪ የእጅ መብራትማ የባሰ ነው። ውስጡ የሚገባው ድብልብል ባትሪ 18650 ይባላል። ስሙ መጠኑ ነው፤ ወርዱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር። በዚያ መጠን ጥሩ የሚባሉት ፋብሪካዎች የሚያወጡት ከ3500 ብዙም አይዘልም። እኛ ጋ ግን 9900 ተጽፎበት ይሸጣል፣ ያውም በርካሽ! የደህናው ክብደት ወደ 45 ግራም ይጠጋል። ቀሎ ካገኛችሁት ውስጡ ያለው ሌላ ነገር ነው። ነጋዴውን ብቻ አልወቅስም፤ ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ሲቀርብልን ትልቁን ቁጥር የምናነሳው እኛው ነን።

ስለ ትክክለኛው ባትሪም ቢሆን ተረት አላወራም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኖኪያ 46 ሚሊዮን ያህል ቢኤል-5ሲ ባትሪዎች ቻርጅ ላይ እያሉ ከመጠን በላይ ሊግሉ ይችላሉ ብሎ በነፃ እቀይራለሁ አለ። ማን ፋብሪካ እንደሠራቸውና ከመቼ እስከ መቼ እንደተሠሩ ስለሚታወቅ ነው ይህን ማለት የቻለው። የኔን 2800 ማን ሠራው? መቼ? ላዩ ላይ ቀን የለም። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ማርጀት የሚጀምረው ከተመረተበት ቀን እንጂ ከገዛንበት ቀን አይደለም። መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት የከረመ «አዲስ» ባትሪ አዲስ አይደለም። ቀን የሌለውን አትግዙ፣ ይኸው ነው።

ያቺ የ8 ሰዓት ምክርስ? የኒኬል ባትሪ ዘመን ቅርስ ናት። ሶኒ ሊቲየም አዮንን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ ለፈጠራው ባለቤቶችም እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጣቸው። ታይዋን ግን እስከ ዛሬ ምክሩን አልቀየረችም። ሊቲየም ባትሪ የመጀመሪያ 8 ሰዓት አያስፈልገውም፣ ጨርሶ መሞትም አይወድም። በየጊዜው ዜሮ ላይ ማድረስ ይጎዳዋል እንጂ አያጠናክረውም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። አዎ፣ ሙቀት ባትሪ ይገድላል። ብቻውን ሲሆን ግን ቀስ ብሎ ነው፤ የሚቸኩለው ባትሪው ሙሉ ሲሆን ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ግምት ይህን ይመስላል፤ 40 ፐርሰንት የተሞላ ባትሪ በ25 ዲግሪ ዓመት ቢቀመጥ ከአቅሙ 96 ፐርሰንቱ ይቀራል። ያው ባትሪ መቶ ሞልቶ በ40 ዲግሪ ቢቀመጥ የሚቀረው 65 ነው። ሰኔ ላይ ቀትር 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ፣ የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ፣ መስታወት ጀርባ ስንት እንደሚሆን እናንተ አስሉት። በጥላ፣ በግማሽ ሞልቶ የተቀመጠ ባትሪ ግን ድሬም ላይ ይኖራል። የድሬ ሰው ቅቤውንና ውኃውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠንቅቆ ያውቃል። ባትሪ ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

«አንተ ደግሞ! መብራት ይሄድብናል፣ ካልሞላን ምን ልንሆን?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ዛሬ ማታ ለምትጠቀሙበት መቶ ሙሉት፣ ማን ከለከለ? መሳቢያ ውስጥ ለወር የምትጥሉትን ትርፍ ባትሪ፣ ከቴሌቪዥኑ ላይ የምትከምሩትን ፓወር ባንክ፣ ባጃጁ ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥላችሁት የምትሄዱትን ስልክ ነው የምለው። ደግሞ ያበጠውን በመርፌ ወግቶ «አየሩን ማስወጣት» የሚባለውን ነገር ተዉ፣ በእናታችሁ! የሚወጣው አየር ሳይሆን እሳት ሊሆን ይችላል። አብጦ እንደሆነ ለማወቅ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ማሽከርከር ይበቃል፤ እንደ እንዝርት ከሾረ ሥራው አብቅቷል።

ለአንድ ባትሪ ይህን ያህል መጮህ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን በኢትዮጵያ መጀመሪያ የከፈተው እዚህ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.። ስልክ እኛ ጋ እንደ ጌጥ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። እናቴ ከአረብ አገር እህቴ የምትልከውን ብር የምትቀበለው በቴሌብር፣ በዚያችው ቁልፍ ባላት ስልክ፣ *127# ነክታ ነው። ባትሪው ያበጠ ዕለት ኪስ ቦርሳዋም አብሮ ተዘጋ፤ መድኃኒት ቤት ደርሳ ባዶ እጇን ተመለሰች። እንግዲህ «ሙቀቱ ነዋ» ብዬ ላጽናናት?

ነጋዴዎች ሆይ፣ ባትሪዎቹን ከመስታወቱ ጀርባ አንሱና ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥላው አስገቡ። አንድ ብር አያስወጣችሁም። እስከዚያው እኔ ትኩስ ባትሪ አልገዛም፤ ትኩስ ካማረኝ ሳምቡሳ አለ።