ወንፊቱንስ ማን ይፈትሸው?

«ጎበዝ ተማሪዎቻችሁን መርጣችሁ ላኩልን» የሚል ደብዳቤ ከነቀምቴ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ለአንድ ርእሰ መምህር ሲደርሳቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ደብዳቤው የደረሰው ረቡዕ ነው፤ ስም ዝርዝሩ የሚፈለገው ዓርብ። ከስምንተኛ ክፍል ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ርእሰ መምህሩ የክፍሉን ኃላፊ መምህር አስጠሩ። እሱም የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ አራቱን ስም ጽፎ አስረከበ። ሁለቱ የመምህራን ልጆች ናቸው፤ አንዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ አራተኛዋ የነጋዴ ልጅ ናት።

ልጆቹ አይገባቸውም አላልኩም፤ አሁንም አልልም። ነገር ግን «በምን መረጥካቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ደረጃቸው ይታወቃል፤ ደግሞም ጨዋ ልጆች ናቸው» አለኝ።

በዋዜማው ማክሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ በዚያችው ከተማ መንገድ ዳር ራዲዮ የሚጠግን ልጅ አይቼ ነበር። ሁለት የተበላሹ ራዲዮኖች ፈትቶ የአንዱን ዕቃ ለሌላው እየገጠመ አንዱን አናገረው። የት እንደሚማር ስጠይቀው የነገረኝ ይህንኑ ትምህርት ቤትና ይህንኑ ክፍል ነበር። ስለ እሱ አነሳሁ። «እሱማ ጭንቅላት አለው» አለ መምህሩ ሳያቅማማ፤ «ግን በገበያ ቀን ይቀራል። ደረጃው ሃያ ሦስተኛ ነው።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች መልስ ናት። መምህሩ ልጁን ባያውቀው ኖሮ ነገሩን በመምህሩ ባሳበብኩ ነበር። እሱ ግን ያውቀዋል፤ እያወቀ ግን አልጻፈውም፤ የተጠየቀው ደረጃ ነውና። ሰው ደግሞ የተጠየቀውን ይመልሳል። ስለዚህ ክርክሬ ከመምህሩ ጋር አይደለም፤ ጥያቄውን ካወጣው አሠራር ጋር ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ልዩ ትምህርት ቤት አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስፍሯል። የኦሮሚያ ልማት ማኅበር በአዳማ፣ የትግራይ ልማት ማኅበር በመቀሌ ቀላሚኖ ያቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶች የዚህ ሐሳብ ፍሬዎች ናቸው። ከነዚህና ከመሰሎቻቸው የወጡ የድሃ ልጆች ዛሬ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነዋል። ይህን የሚክድ ዐይኑን የጨፈነ ነው። እኔ የምጠይቀው ወደዚያ በር የሚያደርሰው መንገድ ላይ ስለተዘረጋው ወንፊት ነው። በአብዛኛው የሚሠራበት ወንፊት የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ የትምህርት ቤቱ ጥቆማና አንድ የመግቢያ ፈተና ነው። ይህ ወንፊት የሚያሳልፈው ማንን ነው? የሚያስቀረውስ ማንን?

ፈተና የሚለካው የተማሩትን ነው። የተማሩት ደግሞ በማን እጅ እንደወደቁ ይወሰናል። ነቀምቴ መሐል ከተማ የሚማር፣ ማታ መብራት ያለው፣ አባቱ ደብተሩን የሚያይለት ልጅና በሆሮ ጉዱሩ ወይም በቄለም ገጠር ከሰዓት ከብት የሚጠብቅ ልጅ እኩል 80 ቢያመጡ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ዳገት ወጥቶ ነው እዚያ የደረሰው። ሁለተኛው 65 ቢያመጣስ? አሠራራችን ይህን ጥያቄ አያውቀውም፤ ከመቁረጫው ነጥብ በታች ያለ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውሃው፣ እንጨቱና የታናናሾቿ ጥበቃ ይጨመርባታል። ለጥናት የቀራት ሰዓት ስንት እንደሆነ ግን የፈተናው ወረቀት አይጠይቃትም።

በወለጋ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ወርዷል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና መንግሥት «ሸኔ» በሚለው፣ ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ በሚጠራው ታጣቂ ቡድን መካከል የተካሄደው ውጊያ፣ ከዚያም ጋር በየብሔሩ ተራ ነዋሪ ላይ የደረሰው ግድያና መፈናቀል ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ መምህራንን በትኗል። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መስመሩ ገና ሳይመለስ፣ በመጋቢት ወር፣ በኮሮና ምክንያት የመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሌላው አገር ትምህርት ሲጀምር ብዙ የወለጋ ቀበሌ አልጀመረም። እንግዲህ ዓመት ሁለት ዓመት ከክፍል የራቀን ልጅ አንድም ቀን ካልቀረው ልጅ ጋር በአንድ ፈተና አስቀምጦ «ተሰጥኦህን ለካሁት» ማለት ምን ማለት ነው? የተለካው የልጁ አእምሮ ሳይሆን የቀበሌው ሰላም ነው።

ቁጥሩም ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ውጤቱ በጥር 2015 ሲገለጽ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን አሳለፉ፤ እነሱን እናብዛ» አለ። ማብዛቱን አልቃወምም። ግን እስኪ እናስብበት። አንድም ካላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድም ጭንቅላት ያለው ልጅ አልነበረም? ነበረ እንጂ! ለዚያ ልጅ በጊዜው ማንም በር አላንኳኳለትም።

ምርጫው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን በአዳሪነት ተቀብሏል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የበእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤትም ከየአገሩ የተለቀሙ ተማሪዎችን ለ12ኛ ክፍል ያስገባ ነበር። ከወለጋም የሄዱ አሉ። በዚያ ዘመን ግን ከምርጫው በፊት የነበረው ጥያቄ «ከትምህርት ቤት የደረሰው ማን ነው?» የሚል ነበር። የደረሰው ጥቂት ስለነበር ወንፊቱም ጠባብ መሆኑ አይደንቅም። ዛሬ ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ወንፊቱ ያው የጥንቱ ሆኖ መቅረቱ ነው የሚደንቀው።

ነቀምቴ ራሷ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላት። አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ በባርነት ተሸጣ፣ ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነፃ ወጥታ፣ በምጽዋ አጠገብ በነበረው የእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ኦነሲሞስ ነሲብ እሱም ከባርነት የወጣ ሰው ነበርና፣ የልጅቷን የቋንቋ ችሎታ አስተዋለ። ሥራ ሰጣት። ወደ 15,000 የሚጠጉ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ በቃሏ ከምታውቀው ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን 500 ያህል ጻፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጉምም ከጎኑ ነበረች። በ1904 (እ.ኤ.አ.) ወደ ወለጋ ከመጡት አንዷ እሷ ናት፤ ነቀምቴ ላይም አስተማረች። አስቴርን የትኛው የመግቢያ ፈተና ያሳልፋት ነበር? በየትኛው ትራንስክሪፕት? ያገኛት ቋንቋዋን የሚያውቅ፣ ሥራ ሰጥቶ የሚያይ መምህር ነው።

የአእምሮ ፈተና ራሱ የተጀመረው ለሌላ ዓላማ እንደነበረም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1905 ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከሲሞን ጋር የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ያዘጋጀው ጎበዙን ለይቶ ለመሸለም አልነበረም። በትምህርት ወደኋላ የቀሩትን አግኝቶ ለመርዳት ነበር። የአንድ ልጅ አእምሮ መጠን ተቆርጦ የተሰጠ ነው የሚሉትንም አጥብቆ ተቃውሟል። እኛ መሣሪያውን ወስደን ዓላማውን እዚያው ትተነዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ አንድ ትልቅ የትምህርት ወረዳ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጆችን በመምህርና በወላጅ ጥቆማ ይመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አሠራሩን ለውጦ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን በሙሉ ቃል በማይበዛበት አጭር ፈተና አየ። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ውጤቱን መረመሩት። የመግቢያው መስፈርት ሳይለወጥ የድሆች፣ የጥቁሮችና የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልጆች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ልጆቹ ድሮም እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ስማቸውን የጠራ አልነበረም እንጂ። ባለጠጋው አገር እንኳ በጥቆማ ብቻ ሲሄድ የራሱን ልጆች ካላየ፣ በአንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ተማሪ የሚያስተምረው የእኛ መምህር እንዴት ሁሉን ያያል?

እስኪ ወደ ቡናችን እንምጣ። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ ስም አውጥቷል። ይህ ቡና ለገበያ ሲቀርብ ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ይቆላል፤ ይቀመሳል፤ ደረጃ ይወጣለታል። «የዚህ ቡና ባለቤት ጨዋ ነው» ተብሎ ደረጃ የተሰጠው ቡና አልሰማሁም። «ባለቤቱ በገበያ ቀን ቀርቷል» ተብሎ ሳይቀመስ የተጣለም የለም። ለቡናው ያወቅንበትን ለልጆቻችን እንዴት አጣነው?

እኔ በበኩሌ መደረግ አለበት የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ የተጠቆሙት ብቻ ሳይሆኑ ሁሉም ልጆች ይታዩ፤ ያውም ስምንተኛ ክፍል እስኪደርሱ ሳይጠበቅ፣ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ክፍል፣ በራሳቸው ትምህርት ቤት፣ በሚማሩበት ቋንቋ። ኦሮምኛ የሚማረው በኦሮምኛ፣ አማርኛ የሚማረው በአማርኛ ይፈተን። ፈተናው ሥዕልና ቅርጽ የበዛበት፣ የማስተዋልና የማገናዘብ ጥያቄ ይሁን እንጂ የደብተር ቃል ድገም አይሁን። ሁለተኛ፣ ልጁ መጀመሪያ ከራሱ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ይነጻጸር። ከየትምህርት ቤቱ ከላይ ያሉት ይጠሩ፤ ትምህርቱ ለተዘጋበት ቀበሌም የተለየ ወንበር ይያዝለት። ሦስተኛ፣ አንድ ፈተና አንድ ዕድል አይሁን። ዘንድሮ የታመመ፣ ዘንድሮ የተፈናቀለ ልጅ ለከርሞ ይታይ፤ መምህሩም ከነጥቡ ሌላ ያየውን ሥራ የሚጽፍበት ቦታ ይሰጠው። ያ መምህር «ጭንቅላት አለው» ያለውን ቃል የሚጽፍበት አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ይጽፈው ነበር። አራተኛ፣ ከየወረዳው፣ ከገጠርና ከከተማ፣ ከወንድና ከሴት ስንት እንደተፈተኑና ስንት እንደገቡ በየዓመቱ ለሕዝብ ይለጠፍ። የተለጠፈ ቁጥር ብዙ ነገር ያርማል።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ለአራተኛ ክፍል ልጅ የሚበቃው ጥቂት ወረቀትና ግማሽ ቀን ነው፤ ማንም ከቀበሌው አይንቀሳቀስም። አሁን ባለው አሠራር ግን ወጪውን የሚከፍለው ድሃው ነው። ከደምቢ ዶሎ ገጠር ልጁን ለፈተና ከተማ የሚያመጣ አባት የአውቶቡስና የአልጋ ዋጋ ከየት እንደሚያመጣ የጠየቀው አለ? «ደረጃው ይወርዳል» የሚሉም አሉ። እኔ ደረጃው ይወጣል ባይ ነኝ፤ ከሺህ ልጅ መካከል የመረጠ ከመቶ ልጅ መካከል ከመረጠው የተሻለ ማግኘቱ አይቀርምና። «ሙስና ይገባበታል» ለሚሉትም መልሴ አጭር ነው። ሙስና የሚመቸው በሻይ ሰዓት የሚጻፍ ስም ዝርዝር ነው እንጂ ሁሉም ልጅ የተፈተነበት፣ ውጤቱም የተለጠፈበት አሠራር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የተመረጡት አራት ልጆች ወደ አዳሪው ሲሄዱ ያ ክፍል ውስጥ የሚቀሩት ስልሳዎቹ ልጆች ናቸው። አራቱን በመላካችን ለስልሳዎቹ ያለብንን ዕዳ የከፈልን አይምሰለን። ራዲዮ ጠጋኙም ከነሱ ጋር ነው። ለእሱ አዳሪ ትምህርት ቤት ባይደርሰው እንኳ ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፈት አንድ ክፍል፣ ጥቂት መሣሪያና የሚያናግረው አንድ የፊዚክስ መምህር ቢያገኝ ብዙ ነው።

ደብዳቤው ለከርሞም መምጣቱ አይቀርም። እንደ ዘንድሮው ረቡዕ ደርሶ ለዓርብ የሚያጣድፍ ከሆነ እንደ ዘንድሮው ያሉ አራት ስሞች ይዞ ይመለሳል። ይልቅስ ጸሐፊው «ጎበዞቻችሁን ላኩ» ከማለቱ በፊት «ሁሉንም አይታችኋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።