ላቲን ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ምን ይረባዋል?

ከታሪክና ከግዕዝ ክፍል የተሰባሰብን ጥቂት ተማሪዎች በየማታው ላቲን ማጥናት ከጀመርን ወዲህ ከጓደኞቻችን የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ የሞተ ቋንቋ፥ ያውም የፈረንጅ፥ ምን ይረባችኋል? ጥያቄው ቀልድ ቢቀላቀልበትም መልስ የሚገባው ስለ ሆነ አሳባችንን በዚህ ጋዜጣ ለመግለጽ ወደድን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የግዕዝን ቃል በጥልቅ መመርመር የሚሻ ተማሪ ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ቀጥሎ የሚገልጠው አውግስት ዲልማን በ1865 በላይፕሲግ ያሳተመውን ነው። ይህ መጽሐፍ ግዕዙን የሚፈታው በላቲን ነው። «ብሔር» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ዛሬ በሕገ መንግሥቱም በክርክራችንም ቃሉ ወገንን፥ ሕዝብን ያመለክታል። በዲልማን ከተሰጡት ፍቺዎች መካከል ግን «ቴራ» እና «ሬጂዮ» ይገኛሉ፤ ምድር፥ አገር፥ አውራጃ ማለት ናቸው። ቃሉ በየትኛው መጽሐፍ እንዴት ባለ አገባብ እንደ ገባም ቦታውን ይጠቁማል። «እግዚአብሔር» በሚለው ስም ውስጥ ያለውን ብሔር ላሰበ ሰው ይህ አይደንቀውም። ነገር ግን ስለዚሁ ቃል በየአዳራሹ ድምፃቸው እስኪዘጋ ከሚከራከሩት ጓደኞቻችን ስንቶቹ መዝገቡን ገልጠው አይተዋል? እርግጥ ዎልፍ ሌስላው በ1987 በእንግሊዝኛ ያሳተመው መዝገበ ቃላት አለ፤ እጅግም ይጠቅማል። ምስክር የሚሆኑትን ጥቅሶች ለሚፈልግ ሰው ግን ወደ ዲልማን መመለስ ግድ ነው።

ስለ ታሪክም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የባሰ ነው። የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮማ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም ወደ ጎታ ወደ መስፍኑ ኤርንስት ቤተ መንግሥት ሄደው ስለ አገራቸው፥ ስለ ቋንቋቸውና ስለ ሃይማኖታቸው የተጠየቁትን ሁሉ አስረዱ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ለሉዶልፍ የነገሩት በ1681 በፍራንክፈርት በታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ እርሱም በላቲን ነው። በዓመቱ በለንደን የወጣ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለና ተማሪው በዚያ ይረካል። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ የተናገረውን እኛ የምንሰማው በሦስተኛ እጅ ነው ማለት ነው። የላቲኑ መጽሐፍ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። የጠፋው አንባቢው ነው።

የአልፎንሶ ሜንዴዝም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። በ1625 በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የገባው ይህ የካቶሊክ ፓትርያርክ የተልእኮውን ታሪክ በላቲን ጽፎታል፤ ጽሑፉም ቤካሪ ከ1903 እስከ 1917 በሮማ ባሳተማቸው 15 ጥራዞች ውስጥ ይገኛል። (ከጥራዞቹ ብዙው ፖርቱጋልኛ ነው፤ እርሱ የሌላ ጊዜ ጣጣ ይሁን።) በዚያ ዘመን ስለ ፈሰሰው ደም ስንጽፍ የሜንዴዝን ቃል ከዜና መዋዕሉ ግዕዝ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ይገባን ነበር። የባላጋራውን ቃል በሌላ ሰው አፍ ሰምቶ የሚሟገት ጠበቃ ምን ዓይነት ጠበቃ ነው?

አንዳንዶች «ግዕዙን ሳታውቁ ላቲን!» ይሉናል። በዚህ እንስማማለን፤ ግዕዝ የማያውቅ ሰው በዲልማን ውስጥ የሚያገኘው ነገር የለም። ግን አንዱ ሌላውን ያግዛል እንጂ አይከለክልም። እንዲያውም ላቲንን ከእንግሊዝኛ ጋር እያነጻጸሩ የሚያስተምሩት መጻሕፍት ብዙ የሚደክሙበት ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ላቲን ግሡን ብዙ ጊዜ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይወስዳል፤ ይህን ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። እኛ «ጻፍሁ» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን ላቲንም «ስክሪፕሲ» ብሎ ይጨርሰዋል። «ንጉሥ» ተሳቢ ሲሆን «ንጉሠ» እንደሚባል የሚያውቅ ተማሪ «ሬክስ» ተሳቢ ሲሆን «ሬጌም» ቢባል አይደነግጥም። የሚያስቸግረው አብላቲቭ የሚሉት ሙያ ነው፤ «በ»ን፥ «ከ»ን፥ አንዳንዴም «ጋር»ን በአንድ መድረሻ ጠቅልሎ ይዟል፤ እስከ ዛሬም ያደክመናል።

ዋናው ጉዳይ አጠናኑ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት እየተማሩ ሦስት ዓመት መጎተት ሰኞ የያዙትን ሐሙስ መርሳት ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ1973 የተቋቋመው የላቲንና የጽርእ ተቋም ጀማሪውን በአንድ ክረምት ውስጥ፥ ቀኑን ሙሉ እያስጠና፥ የመጻሕፍቱን ዋና ቃል ለማንበብ ያበቃው ነበር። እኛም በሚመጣው ክረምት ጠዋት ሰዋስው፥ ከሰዓት በኋላ ንባብ የሚሰጥበት የስምንት ሳምንት ትምህርት እንዲከፈት የታሪክና የቋንቋ መምህራኖቻችንን እንለምናለን። መምህር ከየት ይመጣል ለሚሉን፥ ላቲንን በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት የተማሩ ካህናት አይጠፉምና ሄዶ መጠየቅ ነው። ክፍያ ቢያስፈልግ ከየኪሳችን ለማዋጣት ተስማምተናል።

ለመጀመሪያ ንባብ የምንመርጠው ቄሣርን ወይም ኪኬሮን አይደለም። ሉዶልፍ ስለ አባ ጎርጎርዮስ የጻፈውን ነው።