ከጥይት መጋዘን ከተማ ሲወጣ

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የሺሪካ ዕቅድ ወሬ ተነስቶ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ካምፕ እውነት ከተማ ይሆናል?» አለኝ። ሆኖ ያውቃል አልኩት።

ጀርመን ውስጥ ኤስፐልካምፕ የምትባል ከተማ አለች። የሂትለር ጦር ገጠር፣ ጫካ ውስጥ የሠራው የጥይት መጋዘን ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ሊያፈነዱት ሲሉ ቢርገር ፎሬል የሚባል ስዊድናዊ ፓስተር ለተፈናቃዮች ይሁን ብሎ ተሟገተ። በ1949 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ቤተ ክርስቲያንና የክልሉ መንግሥት አንድ ድርጅት አቋቋሙ፤ ጥይት የነበረበት ቤት መኖሪያና ወርክሾፕ ሆነ። በ1950 ሃርቲንግ የተባለ ፋብሪካ ገባ፤ ሥራ መጣ ማለት ነው። በ1959 በሕግ ከተማ ተባለች።

ይሄ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር አለ። እነዚያ ተፈናቃዮች ከምሥራቅ የተባረሩ ቢሆኑም በሕግ ጀርመኖች ነበሩ። ይመርጣሉ፣ ቤት ይገዛሉ፣ ፈቃድ ሳይለምኑ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። እኔ ኪታሌ ለመሄድ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ኬንያ በ2021 አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ ካኩማንና ዳዳብን ከካምፕነት ለማውጣት ሺሪካን ይፋ አደረገች። በእኔ ግምት ከባዱ ነገር ግንባታው አይደለም። ቤት እኛም በጭቃና በቆርቆሮ ሠርተናል፤ ሱቁንም ከፍተናል። የጎደለን ወረቀቱ ነው። እና ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ለስብሰባ ስትጠሩ ስለ ውሃና ስለ መብራት ብቻ ጠይቃችሁ አትውጡ። የቆምንበት መሬት በማን ስም እንደሚጻፍ፣ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ መቼ እንደሚጀመር ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጧችሁ።