በጓዳችን መድኃኒት እያለ መርዝ ለምን እንሸምታለን?

ጎመን የድሃ ወጥ ነው እያልን እንንቀዋለን። ነገር ግን በየጓሮአችን ያለው ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ባይኖር ቤታችን ምን ይበላ ነበር? በሰኔና በሐምሌ ጎተራው ሲራቆት፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ልጆቻችንን የሚያሻግርልን ይኸው ጓሮ ነው። ስለዚህ ተባይ ጓሮ ሲገባ ጉዳዩ የቅጠል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልጆቻችን ጉሮሮ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ተባይ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን ወደ ገበያ እንሮጣለን። ገበያ ላይ በየብልቃጡና በየላስቲኩ ተቋጥሮ የሚሸጥ መርዝ አለ። ስሙ አይታወቅም። ጽሑፍ የለበትም። ሻጩን ስንጠይቀው «ይገድላል» ይለናል። እውነቱን ነው፤ ይገድላል። ግን የሚገድለው ተባዩን ብቻ ነው ወይ?

የዚህ ጽሑፍ ሃሳብ አጭር ነው። ለጓሮ አትክልት መጀመሪያ በእጃችን እንሥራ። ቀጥሎ ጓዳችንን እንፈትሽ። መርዝ የመጨረሻ ይሁን፤ ያውም ባለሙያ ያዘዘው፣ ጽሑፉንም ያነበብነው ብቻ።

መርዙ ማንን ይጎዳል?

የስንዴ ማሳና የጎመን መደብ አንድ አይደሉም። ስንዴ ከተረጨ በኋላ እስኪታጨድ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ጎመን ግን ዛሬ ይቀነጠሳል፣ ከነገ ወዲያም ይቀነጠሳል። በትክክለኛ መርዝ ዕቃ ላይ «ከተረጨ በኋላ ይህን ያህል ቀን ሳይቆይ አይበላም» የሚል ጽሑፍ አለ። የጓሮ ጎመን ይህን ያህል ቀን ማን ይጠብቀዋል? እናት ልጆቿ ሲራቡ ወደ ጓሮ ትወርዳለች። ትናንት የተረጨውን ዛሬ ትቀነጥሳለች። ለጓሮ አትክልት መርዝ አይመቸውም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። የመርዙ ጀሪካን ሲያልቅ አይጣልም። ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል፤ ጠላ ይጨመርበታል። መርዝ የነበረበት ዕቃ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ለምግብ አይሆንም። ተበስቶ፣ ዳግመኛ እንዳይሠራበት ተደርጎ፣ ባለሙያው በሚያሳየን ቦታ መወገድ አለበት።

መርዝ ወዳጆቻችንንም ይገድላል። አበባ ሲፈካ የተረጨ መርዝ ንቦችን ይፈጃል። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሿ ጥንዚዛ ክሽክሽ እየበላች የምትኖር የጓሮአችን ዘበኛ ናት። መርዙ እሷን ሲገድል ክሽክሹ ያለ ጠላት ይቀራል። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል።

ተባይም መርዝ ይለምዳል። የማይሞተው ተርፎ ይራባል፤ ልጆቹም እንደሱ አይሞቱም። የጥቅል ጎመንን ቅጠል የሚበሳሳው ትንሹ አረንጓዴ ትል በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት መርዝ በመልመድ የታወቀ ነው። እኛ መርዙን ስናበዛ እሱ ይጠነክራል። ገንዘባችን ያልቃል፣ ትሉ ግን አያልቅም።

ዲዲቲን እንኳ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም ከተማ በተደረገው የአገሮች ስምምነት ዲዲቲ በሽታ ከሚያስተላልፉ እንደ ወባ ትንኝ ካሉ ተባዮች መከላከያ በስተቀር ለሌላ ሥራ እንዳይውል ተወስኗል። በአገራችንም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። መርዝ በማንም እጅ በየመንገዱ የሚቸረቸር ሸቀጥ አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከሁሉ በፊት የሚመጣው መድኃኒት ዓይንና እጅ ነው። በየሁለት ቀኑ የቅጠሉን ሆድ ገልብጠን እንይ። ክሽክሽ ሲጀምር በአንድ ሁለት ቅጠል ላይ ነው። አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይታያል። ያን ጊዜ ቅጠሉን ቀንጥሶ መቅበር ወይም በጣት መደምሰስ ይበቃል። ሳምንት ከቆየን መደቡን ሁሉ ይወርሰዋል።

ችግኝ ሌሊት ተቆርጦ ጠዋት ወድቆ ካገኘን ቆራጭ ትል ነው። ትሉ ሩቅ አልሄደም። ከተቆረጠው ችግኝ ሥር አፈሩን ጫር ጫር ብናደርግ ተጠቅልሎ እናገኘዋለን። ለቅሞ ለዶሮ መስጠት ነው። መደቡን ከመትከላችን በፊት ቆፍረን ዶሮ ብንለቅበት ደግሞ ትሉን ቀድማ ትለቅምልናለች።

አመድ። አመድ ለበጋ ጥሩ ነው። ክሽክሽ የሚበረታውም በደረቅ ወራት ስለሆነ ጊዜያቸው ይገጥማል። የእንጨት አመድ ይሁን፤ ላስቲክና ቆሻሻ የተቃጠለበት አይሁን። በደንብ ቀዝቅዞ ይነፋ። ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ቋጥረን፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ፣ በቅጠሉ ላይና ሥር እንነቅንቀው። ጤዛው ያጣብቀዋል። በችግኙ ዙሪያ እንደ ቀለበት ቢደረግም ቆራጭ ትልን ያስቸግረዋል። አመድ የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። ዝናብ ካጠበው ወይም ውሃ ካጠጣነው እንደገና መነስነስ አለበት። ከመጠን በላይ ከበዛ ግን አፈሩን ያበላሻል። በስሱ ይሁን።

ሳሙና። ክሽክሽ ገላው ለስላሳ ነው። የሳሙና ውሃ ሲነካው የገላው ሽፋን ይበላሽና ይሞታል። ደረቅ የልብስ ሳሙና ፍቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ ማሟሟት ነው። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቅጠሉን ሆድ ማራስ ያስፈልጋል። ላዩን ብቻ አርከፍክፈን «አልሠራም» ብንል ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም። መርጫ የሌለው ሰው የቅጠል እስር ነክሮ ይጠቀም። በጠራራ ፀሐይ ከተረጨ ቅጠል ያቃጥላል፤ ወደ ማታ ይሁን። በመጀመሪያ በሁለት ሦስት ቅጠል ላይ እንሞክር። ሁለት ቀን ቆይቶ ካልጠወለገ ወደ መደቡ ሁሉ እንሂድ። በዱቄት የሚሸጠው ሳሙና ግን ቅጠል ስለሚያቃጥል ቢቀር ይሻላል።

ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት። አንድ እፍኝ የተወቀጠ ሚጥሚጣና ሁለት ራስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በሁለት ሊትር ውሃ ይዘፈዘፍ። አድሮ ጠዋት በጨርቅ ይጠለል። ጥቂት የሳሙና ውሃ ቢጨመርበት ቅጠሉ ላይ ይጣበቃል። ይህ በአብዛኛው የሚያባርር እንጂ የሚፈጅ አይደለም። ስለዚህ በየሳምንቱ መደገም አለበት። ስንረጭ ነፋሱን ከኋላችን እናድርግ። ሕፃናት አይጠጉ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሥቃዩን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ኒም። በቆላ ላለነው ይህ ዛፍ ትልቅ ሀብት ነው። የደረቀው ፍሬ ቅርፊቱ ተፈልፍሎ፣ ውስጡ ተወቅጦ፣ ግማሽ ኪሎው በ10 ሊትር ውሃ ያድራል። ተጠልሎ ወደ ማታ ይረጫል። ፀሐይ ቶሎ ያበላሸዋልና አቆይተን አንጠቀምበት። ትሉ ወዲያው አይሞትም። ግን መብላት ይተዋል፤ ማደግም ይሳነዋል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን በትዕግሥት እንጠብቅ።

የትኛውም ይረጭ፣ አትክልቱ ሳይታጠብ አይበላ። የተዘፈዘፈበት ዕቃም ተመልሶ ለወጥ አይዋል።

ከጓዳ የወጣ ሁሉ ደግ አይደለም

ስለ ጓዳ መድኃኒት ስናወራ ማጋነን የለብንም። አንዳንዱ የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ ይረጫል። ትምባሆ ተባይ ይገድላል፤ ግን ውስጡ ያለው ኒኮቲን ለሰውም ብርቱ መርዝ ነው። በቆዳም ይገባል። በተጨማሪም የትምባሆ በሽታ ወደ ቲማቲምና ወደ ቃሪያ ይተላለፋል። ለሚበላ ቅጠል አይሆንም። ላምባም ቅጠሉን ያቃጥላል።

ሁሉም ተባይ በአመድና በሳሙና አይመለስም። የበረሃ አንበጣ ሲመጣ፣ ወይም በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤው ተምች ሰፊ የበቆሎ ማሳ ሲወር፣ ጉዳዩ የአንድ ቤት አይደለም። ያን ጊዜ ሳይውል ሳያድር ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው መንገር ነው። የእኛ ወሬ የጓሮ ወሬ ነው። በጓሮ ግን እነዚህ መድኃኒቶች ከበቂ በላይ ሥራ አላቸው።

«ይህ የድሮ ሰው ሥራ ነው»

እንዲህ የሚሉ አሉ። የገበያው መርዝ ዘመናዊ፣ የእናቶቻችን ዕውቀት ኋላ ቀር ይመስላቸዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

እስቲ የእንዶድን ነገር እናስታውስ። እናቶቻችን ስንት ዘመን ልብስ አጥበውበታል! በ1956 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን በሽታ ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ምርምሩ ከዚያ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ በዚህ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ራሱ መርዝ ነው፤ ዓሣም ይፈጃል። ስለዚህ ጎመን ላይ ይረጭ ማለቴ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። በሴቶች እጅ የነበረ ዕውቀት፣ ተመርምሮና ተጽፎ ሲገኝ፣ ሳይንስ ሆነ። ሳይጻፍ ቢቀር ኖሮ ከወንዙ ዳር አያልፍም ነበር።

ፊደል ለምን ቆጠርን?

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሕዝቡ ፊደል የቆጠረው ስሙን ለመፈረም ብቻ አልነበረም። ዛሬም ፊደል የምንቆጥረው ኑሮአችንን ለማሻሻል ነው። እንግዲያው ፊደላችንን በጓሮአችን እንሥራበት።

አንደኛ፣ እናንብብ። መርዝ መግዛት ግድ ከሆነብን ጽሑፍ የሌለውን አንግዛ። ስሙ፣ ለምን ተባይ እንደሆነ፣ ልኩ፣ ከመብላታችን በፊት የምንጠብቀው ቀን ይነበብ። በማናውቀው ቋንቋ ከተጻፈ የሚያውቅ ሰው ያንብብልን። የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕል ካለበት ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ እንጻፍ። ከጎመኑ መደብ አራት መስመር እንምረጥ። አንዱን በአመድ፣ አንዱን በሳሙና ውሃ፣ አንዱን በሚጥሚጣ እንያዝ። አራተኛውን ምንም ሳናደርግበት እንተወው። ያልተነካው መስመር ከሌለ መድኃኒቱ ይሥራ፣ ተባዩ በራሱ ይሂድ፣ በምን እናውቃለን? ከዚያ በደብተር ሦስት ነገር እንጻፍ፤ ቀኑን፣ ያደረግነውን፣ ያየነውን። ለምሳሌ፦ «ጥር 5 ቀን። ሳሙና ረጨሁ። ጥር 7 ቀን። ክሽክሹ ቀነሰ።» ይኸው ነው። ይህን መጻፍ የሚችል ገበሬ ማንም ሻጭ አያታልለውም።

ማህበራችንስ ምን ያድርግ?

ክሽክሽ ክንፍ አውጥቶ ከጓሮ ጓሮ ይበራል። እኔ ጓሮዬን ባጸዳ፣ ጎረቤቴ ያረጀ የጎመን ግንድ ካቆመ፣ ድካሜ ከንቱ ነው። ያረጀው ግንድ የተባይ ቤት ነው። ስለዚህ ማህበሩ አንድ ቀን ይቁረጥና ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ቀን አሮጌውን ግንድ ነቅሎ ይቅበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! በሚቀጥለውም ወቅት ጎመን በነበረበት መደብ ሽንኩርት ወይም ካሮት እንትከል።

በቆላ ያሉ ማህበራት ከችግኝ ጣቢያቸው አንድ መደብ ለኒም ይስጡ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቶችና እህቶች በስብሰባ ይናገሩ። ጓሮውን የምትኮተኩተው፣ አመዱን የምትዝቀው፣ ጎመኑን የምትቀነጥሰው እሷ ናት። ስለ ጓሮ ተባይ ስብሰባ ሲጠራ ግን ወንዶች ፊት ተደርድረው ሲናገሩ ይውላሉ፤ እሷ ከኋላ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ይህ ትክክል ነው ወይ? የምታውቀው ዝም ብላ የማያውቀው ቢናገር ማህበሩ ምን ይማራል? በሚቀጥለው ስብሰባ ቃሉ ለእሷ ይሰጥ። የምትለውንም ጸሐፊው ይመዝግብ።

ውድ አንባቢያን፣ ነገ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ጓሮ እንውረድ። ቅጠሉን ገልብጠን እንይ። አመዱን እንንፋ። ደብተሩንም አንርሳ። መርዙ ቢቀር ገንዘባችን ይተርፋል፣ ንቦቻችን ይተርፋሉ። የልጆቻችንም ሳህን ንጹሕ ይሆናል።