ማየትና ማወቅ

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባላል። በዚህ አነጋገር መሠረት፣ ጎረቤትና ጎረቤት በየቀኑ እየተያዩ ሲኖሩ ጥላቻ እየቀነሰ መሄድ በተገባው ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

በአውሮፓ ሮማ የሚባል፣ ብዙዎቻችን «ጂፕሲ» በሚለው ስም የሰማነው ሕዝብ አለ። የቀድሞ አባቶቹ ከሰሜን ሕንድ የመጡ ሲሆኑ፣ በአውሮፓ ከ600 ዓመት በላይ ኖረዋል። ከመካከላቸው አንጥረኞች፣ ሙዚቀኞችና የፈረስ ነጋዴዎች ስለ ነበሩ ገበያተኛው ሁሉ ያያቸው ነበር። ሆኖም በዛሬዪቱ ሮማኒያ ምድር እስከ 1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በባርነት ተይዘዋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ናዚዎችና ግብረ አበሮቻቸው በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩትን ፈጅተዋል። እንግዲህ መተያየት ብቻውን ጥላቻን አላጠፋም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ጎርደን ኦልፖርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎች በእኩልነት ሲገናኙ፣ ለአንድ ዓላማ አብረው ሲሠሩና ሕግም ሲደግፋቸው ነው። በገበያ ብቻ የሚገናኙ ሰዎች ግን በዋጋ ይከራከራሉ እንጂ አይተዋወቁም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቼክ ሪፐብሊክ በኦስትራቫ ከተማ ብዙ የሮማ ልጆች አእምሮአቸው ደካማ ነው ለሚባሉ ልጆች ወደ ተከፈቱ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። 18 የሮማ ልጆች ስለዚህ ነገር ከሰው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 አድልዎ መሆኑን ፈረደ። ልጆች በአንድ ክፍል ካልተቀመጡ ታዲያ የት ይተዋወቁ?

ይህን ባነበብሁ ጊዜ በአውሮፓውያን ለመፍረድ ቸኰልሁ፤ ወዲያው ግን በራሴ አፈርሁ። እናቴ ጀበናና ምጣድ የምትገዛው ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ነው። በየጊዜው ዕቃውን ተሸክሜ የምመለሰው እኔ ስሆን፣ «ቡዳ ናት» የሚለውን ወሬ እንደ እውነት ይዤ ነበር። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ወሬው ግን እስከ እኔ ደረሰ። ከልቤ የወጣውም አምና ልጃቸው ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጦ ጂኦሜትሪ ሲያስረዳኝ ነው። ዛሬ እናቱን እትዬ እያልሁ ከቤታቸው ቡና እጠጣለሁ።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ የልጆቻችሁን ጓደኛ በዘሩ ወይም በአባቱ ሥራ አትምረጡላቸው። እናንተም የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፤ ስሙን ሳትጠይቁ፣ ከማዕዱም ሳትቈርሱ ሰውን አውቀዋለሁ አትበሉ።