ልጁን ከመስደባችሁ በፊት 10 ብር ዘርዝሩለት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መቀነስ ነው። "ሒሳብና ሐኪም ምን አገናኛቸው?" እንዳትሉኝ። "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ትምህርት አልገባው አለ፤ ቫይታሚን ይዘዙለት" የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው።

52 ሲቀነስ 27 ስትሉት 35 የሚላችሁ ልጅ አለ። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ ነው። በየአገሩ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት ስህተት ነው፤ በሽታ አይደለም።

በእኔ እምነት "መበደር" የሚለው ቃልም ያደናግራል። ብድር ይመለሳል፤ እዚህ ግን የሚመለስ ነገር የለም። "መዘርዘር" ብንለው ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርት ወይም ማንጎ የሚሸጥ ልጅ በየቀኑ የሚሠራው ነው። 52 ብር 5 ባለ አሥርና 2 ባለ አንድ ብር ነው። 27 ለመክፈል ዝርዝሩ አይበቃም፤ ስለዚህ አንዱን ባለ አሥር ይዘረዝራል። 4 ባለ አሥርና 12 ዝርዝር ይኖረዋል። ከ12 ላይ 7 ሲነሳ 5፣ ከ4 ላይ 2 ሲነሳ 2፤ መልሱ 25። 25 እና 27 ደምሩት፤ 52 ይመጣል።

100 ሲቀነስ 36ም እንደዚሁ ነው። ድፍኑን መቶ በ10 ባለ አሥር መንዝሩ፣ ከዚያ አንዱን አሥር ዘርዝሩ። 9 ባለ አሥርና 10 ዝርዝር ሆነ፤ መልሱ 64።

አሁን ወደ ሕክምናው። የይፋት ቆላ የወባ አገር ነው። ትምህርት መስከረም ላይ ሲከፈት ወባውም ያኔ ይበረታል፤ እስከ ታኅሣሥ ይቆያል። ሒሳብ ደግሞ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረብ ትምህርት ነው። ታሞ ሁለት ሳምንት የቀረ ልጅ መዘርዘሩ አምልጦት ሊሆን ይችላል። ወባ ሲደጋገም ደም ማነስ ያመጣል፤ ልጁ ይደክመዋል፣ ሐሳቡ ይበተናል። ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባማ የማስታወስ ችሎታንም ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች፦
✅ ትኩሳት ካለው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ አጎበር ውስጥ ይተኛ።
✅ ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ በደንብ ይሰማ እንደሆነ አስመርምሩት።
✅ ቁርስ ሳይበላ አይሂድ።

መምህራን ሆይ፣ ከሕመም የተመለሰውን ልጅ ያመለጠውን ሳታስተምሩት አትፈትኑት። ቫይታሚን መቀነስ አያስተምርም፤ ዱላም እንደዚያው። ዛሬ ማታ ሳንቲም አውጡና አብራችሁት ዘርዝሩ።